የጸጋዬን ጭቁኝ አትንቀይው

ለእትዬ ውብነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ትረግሚዋለሽ? ጋሼ ኡራኤልስ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ አይደለሁም ብልስ ማን ሊሰማኝ።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አትሳቂ። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የማታ ትምህርት ተምሬ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ሁለት አሮጊቶች መሆናቸውን ግን ለማንም አታውሪ። ስልክ እያለ ምን አስጻፈህ እንዳትዪኝ። በስልክ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቀልዳለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል።

ነገሩ የወንድማችን የጸጋዬ መቃብር ነው። ለሙት ዓመቱ ራስጌው ላይ የበቀለውን ቁጥቋጦ አስነቅለሽ ሲሚንቶ ልታስፈስሺ ነው አሉ። የማኅበራችሁ ሰዎች፣ አረም የዋጠው መቃብር፣ ዘመድ የሌለው ነው ወይ እያሉ እንደሚያሙሽም ሰማሁ። ይህን የነገረኝ እናንተ ካላችሁበት ከጆሃንስበርግ፣ እዚህ አጠገባችን ወዳለችው ጀርመንታውን የመጣው ሲራክ ነው። ምንድን ነው ብለሽ የላክሽልኝን ቅርንጫፍም ካልሲ ውስጥ ደብቆ አመጣልኝ። ከአሮጊት እጅ ብርቱካን የሚቀማው ጉምሩክ አላየውም። እኔ የግሪን ካርድ ወረቀት ስጠብቅ የሸበትኩበት አገር፣ እሱ በካልሲ ገባ።

እናታችን ገበያ ላይ አሪቲና ጭቁኝ ስትሸጥ ከሥሯ የማልጠፋው እኔ ነበርኩና ስሚኝ፤ የላክሽልኝ ያው ጭቁኝ ነው። ግንዱ ከታች እንጨት ነው፣ ወደ ላይ መስመር መስመር አለው። ቅጠሉ እንደ ላባ የተተለተለ፣ ከላይ አመድማ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ። አበባው ሽንብራ አያክልም፤ ቢጫ ነው፣ አንገቱንም ይደፋል። ሲያሹት አፍንጫ ይከፍታል፣ ሲቀምሱት እንደ ሐሞት ይመራል። እኔን ነው የሚመስለው፤ ሽታው ይጠራል፣ ጣዕሙ ያባርራል። ያከራዩኝ ሰዎች ልጅ ሚጣም በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ ከኬፕ ተራራ እስከ እኛ አገር ደጋ የሚበቅል አንድ ዘር ነው አለችኝ።

እትዬ፣ ይሄ አረም አይደለም። ጸጋዬን አገሩ ሳናገባው ቀረን። አንቺ ስትቀብሪው እኔ አርሊንግተን ኤርፖርት የሰው እናት በዊልቸር እየገፋሁ አውሮፕላን በር ድረስ አደርስ ነበር። የጥገኝነት ኬዜ አልተወሰነም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ ከበሩ ተመለስኩ። አስከሬኑ ያልሄደበትን መንገድ ይህ ቅጠል በራሱ ሄዶታል። እኔ ባልቆምኩበት ራስጌ፣ ማንም ሳይዘራው መጥቶ ቆመ። እሱንም በሲሚንቶ ልታፍኚው ነው?

ከሐሜተኞቹ ጋር የምትኖሪው አንቺ ነሽ፤ ይገባኛል። እንግዲያው ከሙት ዓመቱ በፊት ክንድ ያህል አስቀርተሽ ከርክሚው፤ ዙሪያውን ድንጋይ አስደርድሪ፤ ሰው እንደሚጠብቀው ይወቁ። ሥሩ ካልተነካ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሲሚንቶውን ካፈሰስሽ ግን አልቀየምም ብዬ አልዋሽሽም።

ጋሼ ኡራኤልን እጅ ነሥቻለሁ። ኤልዳናን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ዓብዩን ደግሞ አጎትህ ቁመናው ያምራል በይው፣ ፎቶ አታሳዪው። ለጸጋዬም ከቅጠሉ ጥቂት አሽተሽ አፈሩ ላይ አድርጊለት፤ ከወልደአምላክ ነው በይው። ራሱ ለምን አልመጣም ካለሽ፣ አንቺው መልሺለት። እኔ ለእሱ የሚሆን ቀልድ አጥቻለሁ።

ወንድምሽ ወልደአምላክ
አሌክሳንድርያ፣ ላንድማርክ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.