ቀናቸው ያልታወቀው ወታደር፦ የዶአን ቫን ቲን የሕይወት ታሪክ

ወታደር ዶአን ቫን ቲን ከአባታቸው ከአቶ ዶአን ቫን ክዋትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራም፣ በናም ዲን፣ በዶንግ ሙዊ የጨው ሠሪዎች መንደር እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር የዘንዶ ዓመት ነበርና ቲን የሚለው ስማቸውም ከዚያው ወጣ። ገና በልጅነታቸው ከቤት ስለወጡ በሕይወት ሳሉ «አንቱ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ዛሬ ቢኖሩ ግን የስድሳ ስድስት ዓመት አዛውንት ነበሩና፣ ይህን የጻፈው የእህታቸው ልጅ በወጉ ይጠራቸዋል። እናታቸው ብቻ እስከ ዛሬ አንተ ይሏቸዋል፤ እሳቸውን ደግሞ ማን ይከለክላል።

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በንዳድ በሽታ አረፉ። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ሚየን ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ወይዘሮ ራም ሌላ ባል ሳያገቡ፣ ጨው የሚወጣበትን የባሕር ውሃ የጠጣ አሸዋ በትከሻቸው እየተሸከሙ ሁለቱን ልጆች አሳደጉ። ትከሻቸው ላይ ያለው እብጠት ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

ሟቹ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል ተማሩ። ትምህርት ይወዱ ነበር ብሎ መጻፍ ለሕይወት ታሪክ ያምር ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የጨው ሠሪ ጠላት ዝናብ ነው። የተሰጣው ጨው ሳይሰበሰብ ዝናብ ከቀደመ የቀኑ ልፋት ውሃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሟቹ ደመና ባዩ ቁጥር በመስኮት ዘለው ወደ እናታቸው ይሮጡ ነበር። መምህሩ ወይዘሮ ራምን አስጠርተው፣ «ይሄ ልጅ እኮ እኔን ሳይሆን ሰማዩን ነው የሚያዳምጠው!» ቢሏቸው፣ «ምን ላድርገው መምህር፣ የሚያበላንም የሚያስርበንም እሱ ነው» ብለው መለሱ።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው በመንደሩ የጨው ማኅበር ሙሉ ሠራተኛ ሆኑ። በሥራ የማይለግሙ፣ በዘፈን ግን ጎረቤት የሚያውኩ፣ ሦስት ሳህን ሩዝ በልተው አራተኛውን በዓይናቸው የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። እናታቸው፣ «አንተ አይደለህም ያደግኸው፣ ሆድህ ነው!» ይሏቸው ነበር። ይህን እያሉ ግን የራሳቸውን ድርሻ ወደ ልጃቸው ሳህን ይገለብጡ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የዘመቻ ጥሪ ደረሳቸው። በዶንግ ሙዊ ጥሪ የደረሰው ልጅ ሳይዳር አይሸኝም፤ ትውልድ እንዳይቆረጥ ተብሎ ሠርጉ ይቻኮላል። እሳቸውም የሰሌን ሠሪ ልጅ የሆኑትን የአሥራ ስምንት ዓመቷን ልዋን አገቡ። በሠርጋቸው በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማለትም በአራተኛው የጨረቃ ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ከመንደሩ ልጆች ጋር በጀልባ ሄዱ። ሲሰናበቱ «እማዬ፣ ልዋን አደራ» አሉ። እናትየውም፣ «እሷ እዚሁ ነች፤ ይልቅ አንተ ራስህን አደራ» አሉ። ልጅ ከዚያ ትዳር አልተገኘም።

ከጦር ሜዳ የደረሱት ሁለት ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው እንዲህ ይላሉ፦ «እማዬ፣ ጠመንጃ ስጠብቅ ድስት ሰጡኝ፤ ወጥ ቤት ሆኛለሁ። ሾርባው ጨው አነሰው ብለው የሚሰድቡኝ አሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ቢያውቁ!» በሁለተኛው ደብዳቤ ቀልዱ ቀንሷል። «ሩዙን እጨብጥና በቅጠል ጠቅልዬ እየተሳብኩ ምሽግ ድረስ አደርስላቸዋለሁ። አንዳንዴ ይዤው የሄድኩትን ያህል ሰው አላገኝም፤ የተረፈውን ግን መብላት አልችልም። ሆዱ ልጅነቱን ተወ ብለሽ ለሚየን ንገሪያት።» ከዚያ በኋላ የመጣ ደብዳቤ የለም።

ጦርነቱ በ1975 ዓ.ም. አለቀ። ከዶንግ ሙዊ የዘመቱት ሃያ ሦስት ነበሩ። ዘጠኙ በእግራቸው ተመለሱ፣ የአሥራ ሦስቱ የሞት ወረቀት መጣ። ከዶአን ቫን ቲን ግን ሰውም ወረቀትም አልመጣም። «ከድቶ ይሆናል» ያሉም አልጠፉም፤ ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠው ይሆናል።

ወይዘሮ ራምና ወይዘሮ ልዋ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰባት ዓመት ጠበቁ። ወይዘሮ ልዋ ሃያ አምስት ዓመት ሞላቸው። ከማዶው መንደር ሚስታቸው የሞተችባቸው ዓሣ አጥማጁ አቶ ኒየም ሽማግሌ ቢልኩ ወይዘሮ ልዋ በር ዘጉ። አማቲቱ ይህን ሲሰሙ ምራታቸውን ጠርተው አስቀመጡ።

«እኔ እናቱ ነኝ፤ መጠበቅ ሥራዬ ነው። አንቺ ለአሥራ አንድ ቀን ባል ብለሽ ዕድሜሽን አትጨርሺ።»

«እማዬ፣ ሳይሞት እንዴት አገባለሁ?»

«እንግዲያውስ ሞቷል አልኩሽ።»

በእኛ አገር ሙት ዓመት ያልተቆረጠለት ሙት ከማንም ማዕድ አይቀርብም፤ የሞተበት ቀን ያልታወቀ ወታደር ደግሞ ከቤት የወጣበት ቀን ሙት ዓመቱ ይሆናል። ወይዘሮ ራም በ1978 ዓ.ም. በአራተኛው ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን የልጃቸውን ፎቶ ከሟች ባለቤታቸው ፎቶ አጠገብ ሰቀሉ። በፊቱም አንድ ሳህን ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና የእንጨት ማንኪያ አኖሩ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አበሉ። በዓመቱም ወይዘሮ ልዋን እንደ ወለዷት ልጅ አልብሰው፣ እስከ ወንዙ ሸኝተው ዳሩ። መንደሩ ይህን ሥራ እስከ ዛሬ ያደንቃል።

ግን ያኔ ሁሉም አላደነቀም። ወይዘሮ ራም ውሃ ሲቀዱ አንዲት ሴት እየሰሟት፣ «ራም ምራቷን ለመዳር ብላ ልጇን በቁሙ ቀበረችው» አለች። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ አንድ መንገደኛ፣ በደቡብ በአንድ አውቶቡስ ተራ ቲንን የመሰለ ሰው ዳቦ ሲሸጥ አይቻለሁ ብሎ አወራ። ወይዘሮ ሚየን ሦስት ቀን ተጉዘው ሄዱ። ዳቦ ሻጩ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ወሬው ግን ከወይዘሮ ራም ልብ አልወጣም። በሕይወት ላለ ሰው የሙት ሩዝ ከቀረበለት የመመለሻ መንገዱ ይጠፋዋል ይባላል። ልጄ በሕይወት ሳለ እኔ ነኝ የገደልኩት የሚል ነገር ገብቶባቸው አርባ ዓመት ከሳቸው ጋር ተኛ፣ ከሳቸው ጋር ተነሣ።

በየዓመቱ ሩዙን ሲያኖሩ ለፎቶው የሚሉትን እኛ የልጅ ልጆች ሰምተን አድገናል። «ካለህ አትንካው። ከሌለህ ብላ።» አንድ ቀንም ሲያለቅሱ አላየናቸውም። ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነውና።

በዚህ በ2018 ዓ.ም. በሁለተኛው ወር፣ በኳንግ ትሪ አንድ ገበሬ የበርበሬ ሐረግ መትከያ ሲቆፍሩ አጽም አገኙ። ከአጽሙ ጋር አንድ የተደፈነ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጓዶች የሞተውን ሲቀብሩ ስሙን ጽፈው በእንዲህ ያለ ብልቃጥ አብረው ያኖሩ ነበር። የሟቹን ስም የያዘውን ወረቀት የጻፈው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ እጁ ይባረክ። ወይዘሮ ሚየንና ወይዘሮ ልዋ አብረው ሄዱ። አቶ ኒየም የባቡሩን ስንቅ በእጃቸው ቋጥረው ነው ባለቤታቸውን የሸኙት። ሁለቱ ሴቶች አጥንቱን እንደ ወጋችን በሩዝ አረቄ አጠቡ። ወይዘሮ ልዋ ራሱን ሲያጥቡ፣ «በአሥራ አንዱ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን አላጠብኩለትም ነበር» አሉ።

ከዚያ ወይዘሮ ሚየን ወደ ቤት ስልክ ደወሉ።

«እማዬ፣ ወረቀቱ ላይ ቀን አለ።»

«ቆይ፣ አትንገሪኝ። ቁጭ ልበል።» ወንበር ሲጎተት ተሰማ። «በይ።»

«በስምንተኛው ወር በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ ሰባ ሁለት።»

«ሰባ ስንት?»

«ሁለት።»

«ስምንት እንዳይሆን። ዓይንሽን ጠርገሽ እዪው።»

«ልዋም አይታዋለች። ሁለት ነው እማዬ። አንቺ ሩዙን ከማኖርሽ ስድስት ዓመት በፊት ነው። አልገደልሽውም፤ ሰማሽኝ? አንቺ አልገደልሽውም!»

 

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማን አበላው?» አሉ ወይዘሮ ራም።

ይህን ብለው አለቀሱ። ልቅሷቸው እስከ ጨው ሜዳው ተሰማ፤ ጎረቤት ምን ወደቀ ብሎ እየሮጠ መጣ። ለአርባ ዓመት የተሸከሙት በደል በአንድ ቃል ከላያቸው ወረደ፤ በዚያው ቅጽበት ግን ሌላ ተጫነባቸው። ልጃቸው በየዓመቱ ሰው በሚበላበት ቀን ከየቤቱ ደጅ ቆሞ፣ ስሙን የሚጠራ ጠፍቶ፣ ስድስት ዓመት ተርቧል። ያውም ያ ሆዱ።

ወታደር ዶአን ቫን ቲን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1972 ዓ.ም. በኳንግ ትሪ ግንባር በሃያ ዓመታቸው ተሰውተዋል። እንደ ጨረቃው አቆጣጠር ሰባተኛው ወር፣ ሃያኛው ቀን ነው። ከእንግዲህ ሙት ዓመታቸው በዚሁ ቀን ይታሰባል። ዛሬ ከቀብሩ በኋላ ስድስት ማዕድ ይቀርባል፤ ሳይበሉ ላለፏቸው ስድስት ዓመታት ነው። የሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ እናታቸው ማንም እንዳያግዛቸው ከልክለው ስድስቱንም ሩዝ ራሳቸው ቀቅለዋል። እንግዶች ከእያንዳንዱ ማዕድ ሳይቀምሱ እንዳይሄዱ ይለምናሉ።

ሟቹ እናታቸውን ወይዘሮ ራምን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ሚየንንና የእህታቸውን ልጆች ትተው አልፈዋል። ወይዘሮ ልዋ ከባለቤታቸው ከአቶ ኒየምና ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ከቤተሰቡ ተርታ እንዲጻፉ ወይዘሮ ራም አዘዋል፤ ስለዚህም ተጽፈዋል። ነፍሳቸው ከአባታቸው አጠገብ ትረፍ፣ ከእንግዲህም ስማቸው የማይጠራበት ማዕድ አይኑር።

በመጨረሻም ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናል። ካለፈው ወር ጀምሮ የመጣ ሁሉ ወይዘሮ ራምን፣ «ተገኘልዎት እኮ፣ አሁን እንኳ በቃዎት» ይላቸዋል። በደግነት እንደሆነ እናውቃለን። ግን ሌላ እናት በ1972 ዓ.ም. ታለቅሰው የነበረውን ልቅሶ ነው እሳቸው ዛሬ የጀመሩት። እባካችሁ፣ ማንም «በቃዎት» አይበላቸው።