የዘለልሽው ክፍል

ለእህቴ ለሳይቭ፣

ደብሊን ተመችቶሽ፣ ጤናሽም እንደ ዝናሽ ሆኖ ይህ ደብዳቤ ያግኝሽ። እኛ በኮነማራ ደህና ነን። ዝናቡም እንዳለ ነው፤ ላሟም ወልዳለች።

አልበምሽ ደረሰን። ሽፋኑ ላይ ብቻሽን ገደል አፋፍ ቆመሻል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ስስ ቀሚስ ለብሶ እኛ አገር ገደል አፋፍ የሚቆም ማን ነው? እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለእማዬ ከፈትኩላት። ጎረቤታችን ኮለምም ነበር። «ይቺ ልጅ ቫዮሊን ካላጀባት አትዘፍንም እንዴ? እናቷ እኮ በባዶ ድምፅ ነበር ቤቱን የምትሞላው» አለ። እውነቱን ነው።

የጀልባዋን ዘፈን ደግሞ አበላሸሽው። ሰውየው የሚሰጥምበትን ክፍል በምን ድፍረት ነው የዘለልሽው? ልጆች ሆነን አንድ ቃል ስንስት እማዬ በእንጨት ማንኪያ ጉልበታችንን ብላ ከመጀመሪያው ታስጀምረን እንደነበር ረሳሽው? ስድቧን እየጠበቅሁ ዓይን ዓይኗን አየኋት። ፈገግ እንዳለች ነበር። ከዚያ እንደ ደንባችን የሚዘፍነውን ሰው እጅ ልትይዝ ወደ ማጫወቻው እጇን ዘረጋች። የእኔን ሰጠኋት።

«ጎበዝ! የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

ኮለም ቆቡን አንስቶ ወጣ።

ለማንኛውም ከገና በፊት ነዪ። ኮንሰርት አለብኝ ምናምን እንዳትይኝ። የዘለልሽው ክፍል ጠፍቶብሽ ከሆነም እኔ አስጠናሻለሁ፤ እማዬን አትጠይቂያት።

እግዜር ጉሮሮሽን ይጠብቅልሽ፤ ልቦናም ይስጥሽ።

እህትሽ ናብላ