ድኗል ስለተባለው ቀኝ እግሬ

ለተከበሩ የእግር ሕክምና ማዕከሉ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ይልቁንም የሁለቱም እግሮችዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኔ ከማዕከልዎ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለችው ጠባብ ሱቅ የምሠራው ልብስ ሰፊ ነኝ። የሠራተኞችዎን ነጭ ጋውን የሰፋሁት፣ የእርስዎንም ትከሻ በሜትሬ የለካሁት እኔው ነኝ። ምናልባት በመልኬ ካላስታወሱኝ፣ በርዎ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ማስታወቂያ «እግርዎ ይሳቅ!» ከሚለው ጽሑፍ በላይ የሚታየው እግር የእኔ ነው። ቀኙ።

ይህን ደብዳቤ በሱቄ መስታወት ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ። በአካል ቀርቤ ልነግርዎ አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብያለሁ፤ ፍርሃቴ ደግሞ ስብሰባው እስኪያልቅ የሚታገሥልኝ አልሆነም። ስለዚህ የሥራ ሰው እንደመሆንዎ ጊዜዎን ላለማባከን ጉዳዬን በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ማስታወቂያው ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ስኳር ካገኘኝ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ውስጥ እግሬ ከደነዘዘ ደግሞ አራት። ባለፈው ዓመት ከሱቄ ወለል ላይ የወደቀች እስፒል ተረከዜ ሥር ገብታ፣ እኔ ምንም ሳይሰማኝ ሦስት ቀን ሙሉ የስፌት መኪናዬን ስረግጥባት ቆይቼ፣ ልጄ ካልሲዬን ልታጥብ ስታነሣ ደሙን አይታ ጮኸች። ዝምተኛዋ የእግር ሐኪምዎ አምስት ወር ሙሉ በርጩማዋ ላይ ጎንበስ ብላ ቁስሉን ስታጥብና ስትጠርግ ከርማ፣ ልትጨርስ ሁለት ሳምንት ሲቀራት የማርኬቲንግ ኃላፊዎ ፎቶ አንሺ አስከትለው ገቡ። «ገና ነው፣ ከላይ ቢገጥምም ከሥር አልያዘም፣ ፋሻው አይፈታ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ፎቶ አንሺው የሚገኘው ያን ማክሰኞ ብቻ ስለነበር ፋሻው ተፈታ። ቅባት ተቀባሁ፣ መብራት በራልኝ፣ የዳኑ ሰዎች የሚደውሉትን ደወል ደወልኩ፣ ሠራተኞችዎም አጨበጨቡ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግሬ ከተፈጠረ ጀምሮ ተጨብጭቦለት አያውቅም።

2ኛ. ዘወትር ሰኞ ጠዋት «ውድ ደንበኛችን፣ እግርዎ ዛሬ ምን ይላል?» እያሉ በስልኬ ስለሚልኩልኝ መልእክት እግዜር ይስጥልኝ። ብዙ ዘመዶቼ እንኳ እንዲህ አይጠይቁኝም። መልሱን ጽፌ ስልክልዎ «ይህ ቁጥር መልስ አይቀበልም» ስለሚለኝ እዚህ ላይ ልመልስልዎ፦ እግሬ ምንም አይልም። ችግሬም ይኸው ነው። ሌላው ሰው ሲያመው ይፈራል፤ እኔ የምፈራው ዝም ሲለኝ ነው፤ እሱም ዝም ያላለበት ቀን የለም። በየማለዳው ልጄ ተንበርክካ በትንሽ መስታወት ውስጥ እግሬን ትመረምራለች፤ እኔ ደግሞ መስታወቱን ትቼ ፊቷን እመረምራለሁ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን ፊቷ ተለወጠ። «አባዬ፣ እንዳትቆም» አለችኝ። ማስታወቂያዎ ላይ እንደ ሕፃን ጉንጭ የሚያበራው ቦታ ተከፍቷል፤ ዳሩም ጠቁሯል፤ ሽታም አለው። ይህን ስጽፍልዎ እጄ መስመሩን ስላጣመመብኝ ይቅር ይበሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ቀጥ ያለ ስፌት የሰፋ እጅ ነው።

3ኛ. የካርድ ክፍልዎን ሥርዓት ሳላደንቅ አላልፍም። በዚያኑ ጠዋት በልጄ ትከሻ ተደግፌ ስመጣ፣ ካርዴ «የዳኑ» ከሚለው መደርደሪያ ተገኘ። ኮምፒዩተሩ ለዳነ እግር ቀጠሮ እንደማይሰጥ በታላቅ ትሕትና ተነገረኝ። ካርዴ እንደገና ቢከፈት፣ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ «ከመቶ ታካሚዎቻችን መቶው ድነዋል» የሚለው ጽሑፍ ዘጠና ዘጠኝ ሊሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ከማርኬቲንግ ኃላፊው ፈቃድ ውጪ የማይሆን ነገር ነው። ጫማዬን አውልቄ ላሳያቸው ስል፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች እንዳይደነግጡብን ብለው መልሼ እንዳጠልቅ ለመኑኝ። በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው፣ ማን እንደሆነ ቢያስምሉኝም አልናገርም፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በግራ እግሬ እንድመዘገብ መከረኝ፤ ሐኪሟ ግራውን ስታይ እግረ መንገዷን ቀኙን ልታየው ትችላለች ማለት ነው። ተመዘገብኩ። ምንም ያልሆነው ግራ እግሬ ከዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ቀጠሮ አለው። የታመመው የለውም።

4ኛ. ሌላ ቦታ ለምን አይሄድም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሄጃለሁ። በትልቁ ሆስፒታል የቀድሞ ሕክምናህን ወረቀት አምጣ ተብዬ የእርስዎን ባቀርብ፣ «ሙሉ በሙሉ ድኗል» የሚል ጽሑፍና ክብ ማኅተም አለበት። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን አየና ቁስሉን ያከመው ማዕከል ስለ ሁኔታው እንዲጽፍልኝ አዞ፣ ልጄን ወደ ጎን ጠርቶ አንድ ነገር ነገራት። እሷ እስካሁን ምን እንዳላት አልነገረችኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የሱቄን ደረጃ በዐይኗ ስትለካ፣ የስፌት መኪናዬንም መርገጫ ቆማ ስታየው አገኛታለሁ። መኪናዬን የምነዳው በቀኝ እግሬ መሆኑን ታውቃለች። እፈራለሁ፣ ጌታዬ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

የምለምንዎ ነገር ለሥራዎ መስፋፋት እንቅፋት እንዳይሆን በጣም አሳጥሬዋለሁ። ያች ሐኪም አንድ ጊዜ እግሬን ትየው፤ ወይም «አልዳነም» የምትል አንዲት ቃል ጽፈው ማኅተምዎን ያሳርፉበት፤ ይዤው ወደ ሆስፒታሉ እሄዳለሁ። ግድግዳው ላይ መቶው መቶ ሆኖ ይቆይ፣ እኔ ለማንም አልናገርም ልል አሰብኩና ይህ ደብዳቤ መስታወቴ ላይ መለጠፉ ትዝ አለኝ። የፊታችን ሰኞ በርዎ ሲከፈት፣ ከማስታወቂያው ሥር ወንበር ይዤ፣ ቀኝ ጫማዬን አውልቄ እቀመጣለሁ። ደንበኞችዎ ከላይም ከታችም እያዩ ይገባሉ።

ለውለታዎ ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ያማረ ጊዜ፣ የተሳካ ስብሰባና ሁልጊዜ የሚሰማው እግር እመኝልዎታለሁ።

የትከሻዎን ልክ እስከዛሬ በቃሉ የሚያውቅ፣ ግራ እግሩ ባለቀጠሮ የሆነለት፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ወረቀቱ ሳይደርስልኝ ቀርቶ ቀኝ እግሬ የተቆረጠ እንደሆነ፣ እባክዎ ማስታወቂያውን አያውርዱት። እግሬ ፎቶ ተነሥቶ የሚያውቀው በዚያ ማክሰኞ ብቻ ነው፤ ልጄና እኔ አንዳንድ ጊዜ መጥተን እንድናየው ይፍቀዱልን።