ሦስት ዓመት የዘገየ መርዶ

ሰኞ፣ ጥር 6

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። እንጨቴን እኔ እፈልጣለሁ፣ ውሃዬን እኔ እቀዳለሁ፣ ሽሮዬንም እኔ እሠራለሁ። ግንብም ቢሆን እስከ ደረቴ ድረስ ያለ ረዳት አቆማለሁ። የሚያስቸግረኝ ፊደል ብቻ ነው። እሱንም አንድ አንድ እየለቀምኩ ይኸው እጽፋለሁ።

ዛሬ ከጂንካ ወደ ኮንሶ መጣሁ። ልጄ አስቴር፣ «አጎቴ ሳይመርቀኝ አላገባም» ብላ ከረረች። አጎቷ ኩሴ የሟች ባለቤቴ ወንድም ነው። እህቱ ከሞተች ሦስት ዓመት አለፈ። እኔ አልነገርኩትም። ያኔ ስንጋባ «ለማላውቀው የጂንካ ሰው እህቴን አልሰጥም» አለ፤ እኔም «ደጅህን አልረግጥም» አልኩት። ስትሞትም እልሄ አልበረደም። በማግስቱ ቀበርኳት፣ በቃ።

ወይጦ ላይ የመኪናው ጎማ ፈንድቶ ዘገየን። ለዛሬ እታች ከተማው ውስጥ አልጋ ተከራይቻለሁ።

ማክሰኞ

በሞተር ተራራው ላይ ወደ ኩሴ መንደር ወጣሁ። መንደሩ ዙሪያውን ካብ ነው፤ ካቡ ከቁመቴ ይበልጣል። አርባ ዓመት ግንበኛ ነኝ። ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ የለው፣ እንዴት ቆመ? በሁለት እጄ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። በሩ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ከዚያ ሌላ ካብ፣ ሌላ በር። የኩሴ ቤት መግቢያማ ጎንበስ ብሎም አይሆንም። በእጅና በጉልበቴ ገባሁ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«ድሮ ጠላት እንዲህ ሲገባ ነበር አናቱን የምንለው» ብሎ ሳቀ። አርጅቷል። ጥርሱ ግን ሙሉ ነው።

«እህቴስ?» አለኝ።

ልናገር ነበር የመጣሁት። አፌ ግን «ደህና ናት። እግሯን አሟት ቀረች» አለ። በራሴ ደነገጥኩ። ኩሴ ትክ ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ምግብ አስቀረበ።

ረቡዕ

ዝናብ ያፈረሰው ካብ አለ፤ ሰፈሩ ወጥቶ ይክባል። ኩሴም ወጣ። እኔም ማን ይቀመጣል፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ ገባሁ። እንደለመድኩት የድንጋዩን ሰፊ ፊት ወደ ውጭ እያሳመርኩ ደረደርኩ። አንድ ሽማግሌ መጥተው በእግራቸው ነካ ቢያደርጉት ተናደ። ለካ የድንጋዩ ርዝመት ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

«የጂንካ ግንበኛ ለፊት ብቻ ነው የሚጨነቀው» አሉ። ሁሉም ሳቁብኝ።

ለምሳ ጥላ ሥር ስንቀመጥ ኩሴ ጠጋ አለኝ። «እህቴ መሞቷን አውቃለሁ» አለ።

በእጄ የነበረውን ውሃ ልብሴ ላይ ደፋሁት።

«በሞተች በሳምንቱ አልዱባ ገበያ ጨው ስገዛ፣ ሻጩ ነገረኝ። እኔ ዋጋ እየተከራከርኩ! ሦስት ዓመት ለቅሶ አልተቀመጥኩም። መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ ሰው ሰብስቤ ምን ልበል? ከጨው ጋር ገዛሁት ልበል?»

«ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንተ እስክትናገር ነዋ፣ አማቼ። ነገ ጠዋት ቤቴ ነኝ። ከነገ በኋላ አልጠብቅህም።»

ሐሙስ

መርዶ ለብቻ ተሂዶ አይነገርም። ካቤን ያፈረሱትን ሽማግሌ ለመንኳቸው፤ ጎህ ሲቀድ አብረን ገባን። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቧል።

«እህትህ ሞተች። ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ደበቅኩህ» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ኩሴ የሚያውቀውን ነገር ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከሽማግሌ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ያኔ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ማታ ላይ ስለ ሰርጉ ጠየቅኩት። «መጀመሪያ ለቅሶዬን ልጨርስ» አለ። እሺም እምቢም አላለም።

ዕዳዬ የራሴ ነው፤ አስቴር ትክፈልልኝ አልልም። ኩሴን መቃብሯ ድረስ ይዤው እሄዳለሁ። በመጨረሻ ቀኗ በቋንቋቸው ያለችውን፣ እኔ ትርጉሙን ሳላውቅ ድምፁን ብቻ የያዝኩትን፣ እነግረዋለሁ። ትናንት የተናደችብኝን ሁለት ክንድ ካብ እንደነሱ አድርጌ እክባታለሁ። ይቅርታም አለብኝ። እሱን ገና ከአፌ አላወጣሁትም።