ለአባትሽ የላክሽው አምፖል

ባምባሲ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኤፍራታ፣

ያለሽበት አገር ሙቀቱ በረድ አለልሽ ወይ? እኛ ዘንድ ዝናቡ ሊወጣ ነው፤ ማሽላው እሸት ደርሷል። ይሄን ደብዳቤ ለእንቁጣጣሽ ከአንቺ ዘንድ የመጣችው ሐኒ ስትመለስ ታደርስልሻለች። በስልክ ስንገናኝ አባትሽ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለሚሰማ የልቤን አጫውቼሽ አላውቅም። ዛሬ ከየሻው ጋር አሶሳ ሄዷል። የሻው ማን እንደሆነ ወደ ታች ስደርስ እነግርሻለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አትደንግጪ፤ ሁላችንም በሕይወት አለን።

ከክረምቱ በፊት ጀምሮ አባትሽ «የመኪናዋ መብራት ደክሟል፣ መንገዱ አይታየኝም» እያለ ሲያማርርልሽ ነበር። አንቺም አላስቻለሽ፣ እነዚያን ነጫጭ አምፖሎች ለእንቁጣጣሽ በሐኒ ላክሽለት። ደስታውን ብታዪው! ካርቶኑን ይዞ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ። «ልጄ ናት፣ ልጄ ናት የላከችልኝ።»

በማግስቱ ጋዲሴ ጋ ወሰደው። አብራሽ የተማረችው ጋዲሴ ዛሬ ከማደያው ጀርባ የመኪና ኤሌክትሪክ ትሠራለች። አምፖሉን አገላብጣ አየችና፣

«ጋሼ፣ ዕቃው ጥሩ ነው፤ ግን ለዚህ መኪና አይሆንም» አለችው። «የእርስዎ የፊት መብራት መስተዋቱ የተሠራው ለድሮው አምፖል ነው። ይሄን ብንከትበት ብርሃኑ መንገዱ ላይ አይወርድም። ወደ ላይ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል።»

«ልጄ የላከችልኝን ነው እንዴ አይሆንም የምትይኝ?»

«እሷማ በፍቅር ነው የላከችው፤ መኪናውን ግን አላየችውም።»

ተቆጥቶ መጣ። ግቢ ውስጥ ራሱ ፈትቶ ገጠመው። የአምፖሉ ጀርባ ወፍራም ስለሆነ የላስቲክ ክዳኑ እምቢ አለው፤ ክፍቱን ተወው። አመሻሽ ላይ ሲያበራው አጥሩም ዛፉም ኖራ የተቀባ መሰለ፤ እኔማ ዓይኔን በነጠላዬ ሸፈንኩ። «አሁንስ እንዴት ነው?» ስለው «ከበፊቱ ይሻላል» አለኝ። ድምፁ ግን የተደሰተ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከመስቀል ወዲህ ከአሶሳ ሰው ጭኖ ሲመለስ ነው አደጋው የደረሰው። አመሻሽ ላይ ነው፤ ገና ጨለማና ብርሃኑ አልለየም ነበር። ማንጎ የሚነግደው ሙርሳል፣ የእማማ ኢኽላስ ልጅ፣ በሞተሩ ከባምባሲ ወደዚያ ይሄዳል። አባትሽ አስፋልቱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሸሽቶ ወደ ግራ ሲወጣ ሙርሳልን ከነሞተሩ መታው። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተረፈች። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም።

አባትሽ ፖሊስ ጣቢያ አድሮ በዋስ ወጣ። ምግብ ይዤለት ስገባ መርማሪው «ይሄን አምፖል ከየት አመጣኸው?» እያለ ሲጠይቀው ደረስኩ። «ከገበያ ገዛሁት» አለ። እኔን አይቶ አንገቱን ደፋ። ያንቺ ስም እዚያ እንዲነሣ አልፈለገም። ይሄን የጻፍኩልሽ እንድታዝኚ አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚወድሽ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ሙርሳል ከሆስፒታል ሲወጣ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ተቀምጦ እነሱ ግቢ ሄድን። እማማ ኢኽላስ በክፉ አላየችንም፤ «የአላህ ቀደር ነው» ብላ ምንጣፍ አነጠፈችልን። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሳው ሲነጋገሩ ቆዩ። አባትሽ ተነሥቶ «ጥፋቱ የመብራቱ ነው፣ እኔም ተመክሬ አልሰማሁም፣ ይቅር በለኝ» አለ። ሙርሳል እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ጋደም ብሏል። ቀና ብሎ አየውና እንዲህ አለው፦

«ጋሽ ገላው፣ መብራት ዓይኔን መታው። እኔ ምንም አላየሁም። እሺ፣ እሱ ገባኝ። ስለዚህ ሞተር አቆምኩ። ጠርዝ ላይ ቆሜ ነበር፣ አንተ እስክታልፍ። መብራቱ ሁሉ እኔ ላይ ነው፣ ልክ እንደ ቀን። እኔ አንተን አላየሁም። አንተ እኔን ለምን አላየኸኝም?»

አባትሽ አፉን ከፈተ። «አቧራ ነበር» አለ። ኤፍራታ፣ ቀኑን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ማንም አልተናገረውም። እማማ ኢኽላስ ወደ እኔ ዞር አለችና እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። ዕርቁ እዚያው ላይ አለቀ፤ ሙርሳል ራሱ «አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ» ብሎ አባትሽን ጨበጠው።

ከዚያ በኋላ ጋዲሴ መኪናዋን ሠራችልን። እኔም አብሬው ሄድኩ። ሞተሩን አስጠፍታ፣ የባትሪውን ገመድ ነቅላ፣ እነዚያን አምፖሎች አወጣቻቸው። ክዳኑ ክፍት ስለነበር ውሃ ገብቶ መስተዋቱን አደብዝዞታል። ጠረገችና ለመኪናዋ የሚሆነውን አምፖል በንጹሕ ጨርቅ ይዛ ከተተች። በባዶ እጅ ሲነካ የጣት ቅባት ይይዛል፣ ሲግል ይፈነዳል አለችኝ። የላስቲክ ክዳኑንም ጥብቅ አድርጋ መለሰች። ከዚያ መሸት ሲል መኪናዋን ሜዳው ላይ፣ ከመጋዘኑ ግድግዳ ፊት ለፊት አስቆመች። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ረጅም መስመር አሰመረችና አጭሩን መብራት አበራች።

«ጋሼ፣ ብርሃኑ ከመስመሩ በታች ነው አይደል? ከዚያ ካላለፈ ማንንም አያሳውርም።»

አባትሽ መሪውን ይዞ ወደ ፊት አጎነበሰ። ቆየ። «አዎ፣ በታች ነው» አለ።

ብርሃኑ ግን ገና ከመስመሩ በላይ ነበር። ጋዲሴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ጎንበስ ብላ ብሎኑን አዞረችና ወደ ታች አወረደችው።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ እፈራለሁ ብዬ በእግር እንሂድ አልኩት፤ መኪናዋን እዚያው ተውናት። ጥቂት እንደሄድን ክንዴን ያዘኝ።

«ወይንሸት፣ እውነት ግድግዳው ላይ መስመር ነበር?»

«ነበር» አልኩት።

«መቼም ነጭ ነገር በነጭ ላይ…»

«ግድግዳው ሰማያዊ ነው፣ ገላው።»

ከዚያ እስከ ቤት ክንዴን አልለቀቀውም።

በሳምንቱ አሶሳ ሄደን ዓይኑን ታየ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ በትሕትና አስረዳን። የዓይን ግፊት ይሉታል። ከዳር ዳር እየበላ ሳይታወቅ ነው የሚመጣው፤ የግራው ብሷል። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን አለን። ጠብታውን ጧትና ማታ የማደርግለት እኔ ነኝ። ያለቅስ ይሁን ጠብታው ይፍሰስ አይለይም፤ እኔም አልጠይቀውም።

የሻው ያልኩሽ አሁን መኪናዋን የሚነዳልን ልጅ ነው። ጨዋ ነው። አባትሽ ቤት መዋል አልሆንለት ብሎ ጋቢና ከጎኑ ይቀመጣል። «አሁን ጉድጓድ አለ፣ ቀስ በል። ከድልድዩ በኋላ ከብት ይሻገራል» ይለዋል፤ መንገዱን በቃሉ ነው የሚያውቀው። የሻውም ይሰማዋል። ተሳፋሪው ሹፌሩ ማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል አሉኝ።

ልጄ፣ መብራቱ ደክሟል ያለሽ እሱ ነው፤ አንቺ ምን ታውቂ ነበር? ያ አምፖል ባይመጣም ይሄ ቀን አይቀርም ነበር። እንዲያውም አምፖሉ ባይሆን አባትሽ እስካሁን ሰው ጭኖ መንገዱን በዳበሰ ነበር እላለሁ። ሙርሳልም ምርኩዝ ይዞ ሱቁ ደጃፍ መቀመጥ ጀምሯል። በልብሽ እንዳትይዢው አደራ። ለአባትሽም ማወቅሽን አትንገሪው። ሲደውል እንደ ወትሮሽ ስለ መንገዱ ጠይቂው፣ ደስ ይለዋል።

ሥራሽን ጥለሽ ነዪ አልልሽም። እንዳው ልንገርሽ ብዬ ነው፤ በቀን ብርሃን ከፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ፊት እስካሁን አጥርቶ ያያል። ሐኪሙም ለጊዜው እንደዚሁ ይቆያል ብሎናል። ኮንትራትሽ የሚያልቀው መቼ ነበር? ለፋሲካ ይሁን ከፋሲካ በኋላ፣ ጠፍቶብኝ ነው።

ከዚህ ደጃፍ የሸኘሽ አምላክ በዚሁ ደጃፍ ያስገባሽ። የምታገለግያቸውን ሰዎች ልብ ያራራልሽ። እንቅልፍሽን የሰላም ያድርገው።

እናትሽ ወይንሸት