ጉጉቷ ብሳናው ላይ

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ከቀኑ 9 ሰዓት

የሳልኳት ሦስተኛዋ ጉጉትም ዶሮ ሆነች። መ/ርት ሰላም አይታ ሳቀች። ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር የት/ቤት መምህርት ናት፤ የውሃ ቀለሙም ብሩሹም የሷ። ይቺንስ እሁድ ለእኅትህ ለሚመጡት ሽማግሌዎች ወጥ እናድርጋት አለችኝ።  

ጥፋቴን ነገረችኝ። ጥቁሩን አስቀድማለሁ። የውሃ ቀለም ከፈዛዛው ይጀመራል፤ ጥቁር መጨረሻ። ነጭ ደግሞ ጭራሽ አይቀባም፤ ወረቀቱን መተው ነው። ከስምንተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ ትምህርት ሲገባኝ ይኼ የመጀመሪያው።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ። ማታ

አሮጌው ወፍጮ ቤት ዋልኩ። ጣሪያው ሥር ጉጉት ትተኛለች። ቀን አትንቀሳቀስም፤ ለሚስል ሰው እንደሷ ያለ የለም። የሰፈሩ ሴቶች በዚያ አያልፉም። ጉጉት በቀን ዓይን ለዓይን ያየችው ሰው ቤቱ ይፈርሳል ይላሉ። እኔን አንዴ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አይታ ተመልሳ ተኛች። የንቀቷ ንቀት።

ቡኒ ትመስለኝ ነበር። አይደለችም፣ ደብተር። ግራጫ አለባት፣ የገለባ ቀለም አለባት፣ የዛገ ቆርቆሮም አለባት። ስንት ዓመት ሙሉ ሳላያት ነው የኖርኩት?

ኅዳር 7፣ ዓርብ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ክው ብያለሁ። የኔ እጅ አይደለም የሠራው።

ወረቀቱን አረጠብኩ። ፈዛዛውን ለቀቅኩበት። እስኪደርቅ ጠበቅኩ (እኔ! ጠበቅኩ)። በላዩ ሌላ። በላዩ ሌላ። ላባ ሆነ። ዓይኗ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ተውኩ። ያኔ አየችኝ። በርጩማዬን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ዙሪያዋን ቆርጬ፣ የብስኩት ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ መ/ርት ሰላም መስኮት ላይ አቆምኳት። ጩኸቷ አስፋልት ደረሰ። በጥፊ ልትለኝ ወጣች። ቀርባ አየቻት። እጇ ወረደ። ማን ሳላት አለችኝ። እኔ አልኳት። አላመነችም። እኔም እንደሷ ነኝ።

እኅቴ ውባለም ከኩሽና ብቅ ብላ፣ እሁድ ይቺን ነገር እዚህ ግቢ እንዳላያት አለች። እሁድ ሽማግሌ ይመጣላታል፣ ከቡሬ። ላኪው ዳኛቸው፣ ጋራዥ የሚሠራው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ውባለም ናት። ለራሷ ብላ የፈለገችው ነገር ቢኖር ይኼ አንድ ሰው ነው። እሺ አልኳት። አመነችኝ። እስከ ዛሬ ታምነኛለች፣ የዋህ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ሐሳብ መጣልኝ። ግቢ ውስጥ እንዳላያት ነው ያለችው፤ መንገድ ላይ አላለችም።

ሽማግሌዎቹ ከአስፋልት ወርደው በብሳናው ዛፍ ሥር ነው የሚያልፉት። እዚያ ቅርንጫፍ ላይ አስራታለሁ። ይደነግጣሉ። እኔ ከቁጥቋጦው ወጥቼ፣ አይዟችሁ አባቶቼ፣ የልጅቱ ወንድም ነኝ፣ ወረቀት ናት፣ እላለሁ። ተሳስቆ ይገባል። ጠላው ሳይቀመስ ቤቱ ይሞቃል።

ኅዳር 9፣ እሁድ። ከቀኑ 10 ሰዓት

 

መጡ። አራት። ፊት ፊት አያ ሞላ፣ ቡሬ ላይ የታወቁት አስታራቂ፤ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ። ብሳናው ሥር ቀና አሉ። ቆሙ። አንዱ በስመአብ አለ። አያ ሞላ ከዘራቸውን ወደ መጡበት አዞሩ። በቃ። ሦስቱም ተከተሏቸው።

ለሽምግልና የወጣ ሰው መንገድ ላይ ክፉ ምልክት ካየ ይመለሳል። ይኼን ልጅ እያለሁ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ለኔ ወረቀት ይመለሳሉ? ውጣ አልኩት እግሬን፤ እምቢ። ተናገር አልኩት ምላሴን፤ ይኼ ምላስ፣ መምህራን ያባረሩት ምላስ፣ እንጨት ሆነ። ስነሣ አስፋልት ላይ ባጃጅ ውስጥ ገብተዋል። ሮጥኩ። አቧራ ብቻ ቀረልኝ።

ጉጉቷን ፈትቼ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። ውባለም ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ። ይታያሉ? አለችኝ። አላየሁም አልኩ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

አባዬ ለትናንት ዘመድ ጠርተው ነበር፣ በግ ታርዶ። እንግዳው ሳይመጣ ዘመዱ አንገቱን ደፍቶ በልቶ ሄደ። ዛሬ ረፋድ ተናገሩ፤ ከእንግዲህ የቡሬ እግር ይኼን ደጃፍ አይረግጥም አሉ። ጮክ ብለው አይደለም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ውባለም ዕቃ ታጥባለች። ትናንት የታጠበውን።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

ዳኛቸው ደወለላት። አጠገቧ ሆኜ ሰማሁ። ለምን እንደተመለሱ ነገራት። ጉጉት አዩ። ጉጉቷ አንገቷን አዙራ አያ ሞላን አየች። ጮኸች። ሦስት ጊዜ። አያ ሞላ በማርያም ስም ምለው ለቡሬ ሁሉ ተናግረዋል፤ የቀሩትም ሰምተናል ብለዋል።

ደብተር፣ የብስኩት ካርቶን ጮኸ!

ልስቅ አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ገባኛ። ወረቀት ነበረች ብዬ ባወራ፣ አያ ሞላ በስተርጅና በማርያም ስም የዋሹ ሊባሉ ነው። ትልቅ ሰው ካዋረደ ቤት የዳኛቸው ዘመዶች ልጅ አያገቡም። ዝም ብል ውባለም ቀረች። በሁለቱም በኩል የቆምኩት እኔ።

ምን አሰብሽ አልኳት። ስልኩን አስቀመጠች።

«እግዜር አይሆንም ካለ እኔ ማን ነኝ?»

እግዜር። እኔ በአንድ ብሩሽ የሠራሁትን ለእግዜር ሰጠችው። ነገ ቡሬ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ሚካኤል። ከቡሬ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ

አያ ሞላ ከንግሥ ተመልሰው ግቢያቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ፣ ተመስገን። ጉልበት ስሜ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ተናግሬ፣ ጉጉቷን ከጠቀለልኩባት ጋዜጣ ፈታሁላቸው። ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዘራው ይመጣል ብዬ ጭንቅላቴን ሸፈንኩ። አልመጣም። ተመልሰው ተቀመጡ። ገለበጧት። የብስኩቱን ሥዕል አዩ። መልሰው ገለበጧት። ክንፏን በጥፍራቸው ጫር አደረጉ።

«አልጮኸችም?» አሉኝ።

«አልጮኸችም አያ።»

«እኔ ሰምቻለሁ።»

ፊታቸውን አየሁ። እየዋሹ አይደለም። እውነት ሰምተዋታል። ሐሰት ሲናገር ሰው መያዝ ሥራዬ ነው፤ ይኼን ግን ምን እንደምለው አላውቅም።  አልቀለድኩም።

ከቤት ውሃ አስመጡልኝ። ስጠጣ እያዩኝ ፍርዱን ሰጡ።

«እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ጮኸች ብያለሁ፤ ጮኻለች። አንተ ደሞ በድንጋይ ገድለሃታል። የሞተች ጉጉት ቤት አታፈርስም። ይቺን እሳት ውስጥ ክተታት፤ አፍህንም ግጠም።»

አስማሉኝ። ማልኩ። ወዲያው ለአባዬ ደወሉ፣ እኔ ፊት። ይቅርታ ሲጠይቁ ሰማሁ፤ በድለናል፣ ደንግጠን ነው፣ ልጅዎ ግን ጠላታችንን ገደለልን እያሉ። የአባዬን መልስ አልሰማሁም። አያ ሞላ ግን ስልኩን ሲዘጉ፣ እሁድ፣ አሉኝ።

ኅዳር 16፣ እሁድ። ከቀኑ 11 ሰዓት

መጡ። ጾሙ ትናንት ገብቷል፤ ሽሮና ጠላ። ማንንም ቅር አላለውም። አባዬ እስከ በሩ ወጥተው ተቀበሏቸው። አያ ሞላ ቆመው ተናገሩ፤ መንገዳችንን የጠረገልን የልጅቱ ወንድም ነው አሉ። ዓይኔን ግን አላዩም። አባዬ ሁሉም ፊት ግንባሬን ሳሙኝ። የሰነፍ ልጅ አባት ናቸው ሲባሉ የኖሩ ሰውዬ። ዛሬ ወንድ ወለድኩ አሉ። ስለ አንድ ድንጋይ። ያልወረወርኩት። መ/ርት ሰላም ከበሯ ቆማ ታየኛለች፤ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። መሬት መሬት አየሁ።

ሠርጉ ለጥር። እልል ተባለ።

ውባለም ብቻ ፊቷ አልተፈታም። ጓዳ ተከተልኳት። ደስ አላለሽም? አልኳት። ደም ፈሰሰ አለችኝ፤ በኔ ሽምግልና መንገድ ላይ ደም ፈሰሰ። አገባዋለሁ፣ ግን እሱ አንድ ነገር ቢሆንብኝ በኔ ነው፤ ከጋራዥ በዘገየ ቁጥር በሩን ሳይ ልኖር ነው። ለአባዬ እንዳትነግር አለች። ይኼን ሁሉ ስትል ሰሃን ይዛለች።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ለሽማግሌዎቹ አለቀ፣ ለአባዬ አለቀ። ለሷ ጭራሽ ባሰ። ሕይወት የሌላትን ገድዬ ደሟን እኅቴ ላይ አፈሰስኩት።

ጉጉቷ አልተቃጠለችም። ምድጃው አጠገብ ወስጃት ነበር፣ አልቻልኩም፤ በሕይወቴ አስተካክዬ የሠራሁት እሷን ብቻ ነው። ፍራሼ ሥር ነበረች። ለአያ ሞላ ግን ምያለሁ። መሐላዬን በልቼ አላውቅም ልልሽ ነበር ደብተር፣ አንቺ ደሞ ታውቂኛለሽ። ስንቱን በልቻለሁ፣ ሁሉንም ለሳቅ። ይኼኛውን እየፈራሁ እበላዋለሁ። አያ ሞላ ይማሩኝ። ሌላ ሰው አይሰማም፣ እሷ ብቻ።

አውጥቻታለሁ። አልጋው ላይ ናት፣ ፊቷ ወደ በሩ። ውባለም የእንግዶቹን ዕቃ እያጠበች ነው። ጠራኋት። እጅሽን አድርቀሽ ነይ አልኳት፤ ውሃ እንዳይነካት። ማንን? አለች። ነይ ብቻ አልኩ። የሰሃኑ ድምፅ ቆመ። እየመጣች ነው፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።