መርዶውን በማይክሮፎን ስላሰማችሁን

ለተከበራችሁ የጀግኖች ሽልማት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ አባላት

ሞያሌ፣ ኬንያ፤ ግንቦት 1995 ዓ.ም.

ለመሆኑ የጀግና እናት የልጇን ሞት መስማት ያለባት ከማን ነው? ይህን የምጠይቀው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ክቡራን ሆይ፣ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቆመን እንሄዳለን።

የመቶ አለቃ ጃቢር ዳባሶ እህት ነኝ። ወንድሜ የድንበሩን ኬላ ተሻግሮ በኢትዮጵያ እግረኛ ጦር ዘመተ፤ ጦርነቱ ካለቀም በኋላ ወሬው ጠፍቶብን ነበር። እናንተ ግን አገኛችሁልን፤ ስለዚህ ምስጋናዬ እነሆ።

1ኛ. ስለ ግብዣው። የፍየል ነጋዴው ጃልደሳ፣ መኪናችሁ በማዶው፣ በኢትዮጵያው ገበያ የተሸላሚዎችን ስም በድምፅ ማጉያ ስትጠራ ሰምቶ፣ እየሮጠ መጥቶ እናቴን እንኳን ደስ ያለሽ አላት። መኪናዋ ወንድሜ መሞቱን አልተናገረችም፤ ምናልባት ባትሪ ለመቆጠብ ይሆናል።

2ኛ. ስለ መቀመጫው። እናቴ ራቢዓ ልጇን ልታይ እጇን ሂና ተቀብታ፣ የዒድ ልብሷን ለብሳ ከእኔ ጋር ተሻገረች። የኬንያው አስካሪ፣ የኬላው ዘብ፣ ሰርጉ የማን ነው እያለ ቀለደባት። ፊት ወንበር ስለሰጣችኋት፣ የተሰለፉትን ወታደሮች ፊት አንድ በአንድ ለማየት ተመችቷት ነበር።

3ኛ. የልጇ ስም ሲጠራ ከእኔ ጋር ወደ መድረኩ ወጣች። ሜዳሊያውን መዳፏ ላይ ያኖሩትን ኮሎኔል፣ «እሱስ የት ቆሟል?» አለቻቸው። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው፣ «አልተነገራቸውም እንዴ?» አሉኝ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። የማርሽ ባንዱ በፕሮግራሙ መሠረት ወዲያው ስለጀመረ፣ ሰዓት አክባሪነታችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው፣ ጎረቤቶችም እናትየዋን ደግፈው ነው። እናንተ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስላመጣችሁ ሽማግሌ አላስፈለገም። ለቅሶ ቤታችን የመጡት ሴቶች በሂና የቀላ እጇን በሻሻቸው ሸፈኑላት። እሷም መርዶ አልሰማሁም ብላ ሁሉንም ወደየቤታቸው ሸኘቻቸው። ከናይሮቢ ዲግሪ ይዤ የመጣሁት እኔ ላስረዳት ብሞክር አልሆነልኝም።

ገንዘብ አንጠይቅም። አብሮት የነበረ አንድ ሰው፣ ተራ ወታደርም ቢሆን፣ ቤታችን ገብቶ ይቀመጥና የት እንደተቀበረ፣ የጀናዛ ሶላት የሰገደበትም ሰው እንደነበረ ይንገራት። ያኔ ታለቅሳለች። እኔ ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ ተስፋ ማድረግ ገና አልሰለቸኝም። እባካችሁ መልሱልኝ።

ከወንበራችሁ እንዳትነሡ፣ እንቅልፍም እንዳይጎድላችሁ ዱዓ የማደርግላችሁ፣

አክባሪያችሁ ሙጂባ ዳባሶ

ማሳሰቢያ፦ ለሚቀጥለው በዓል የምትጠሯቸው እናቶች ካሉ፣ ያልተነገራቸውን ቀደም ብላችሁ ጠቁሙኝ፤ እየዞርኩ እነግራቸዋለሁ። ሥራ ፈላጊ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ።